ውዳሴ ፕሮፖዛል

በብሉይ ኪዳን ዘመን ትንቢት መናገር ከሙያዎች ሁሉ ደመወዙ የከፋ ሙያ ነበረ፤ ኤርምያስ የኢየሩሳሌምን መፍረስ አስቀድሞ በመናገሩ ጭቃ ወዳለበት ጉድጓድ ወረደ፤ ኢሳይያስም አበው እንዳስተላለፉልን በመጋዝ ተተረተረ፤ ከእነርሱ መካከል አንዱ እንኳ ትንቢቱን ከመናገሩ በፊት ቅድሚያ ክፍያ እንደ ተቀበለ፣ ወይም ትንቢቱ የሚፈጸምበትን ወር በሠንጠረዥ አስፍሮ ለነገሥታቱ ግምጃ ቤት እንዳቀረበ መጽሐፍ አይነግረንም። በእኛ ዘመን ግን ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና ይህ ሙያ ተሻሽሏል። የዛሬው ነቢይ ተመራማሪ ይባላል፤ ትንቢቱም ፕሮፖዛል ይባላል፤ ገና ያልተጠየቀው ገበሬ ምን ብሎ እንደሚመልስ፣ ገና ያልተቀዳው ደም ምን እንደሚያሳይ፣ ገና ያልተዘራው ዘር በሄክታር ስንት ኩንታል እንደሚሰጥ ከሦስት ዓመት አስቀድሞ ያውቃል፤ ስለ ማወቁም በሦስት ዙር ይከፈለዋል እንጂ በድንጋይ አይወገርም።

ትንቢት መናገርስ ብዙ ሰው ይናገራል፤ የዛሬውን ነቢይ ከቀደሙት የሚያስበልጠው የፍጻሜው ትክክለኛነት ነው። የጸደቀውን ፕሮፖዛልና ገንዘቡ ካለቀ በኋላ የቀረበውን የማጠቃለያ ሪፖርት ጎን ለጎን ዘርግቶ የሚያነብ ሰው በሁለቱ መካከል የሚያገኘው ልዩነት የሰዋስው ብቻ ነው፤ በፊተኛው «ይደረጋል» የተባለው በኋለኛው «ተደርጓል»፣ በፊተኛው «ይረጋገጣል» የተባለው በኋለኛው «ተረጋግጧል» ሆኖ ይጠብቀዋል። ከሠንጠረዦቹ አንዱን ቀረብ ብለን እንመልከተው። በግራ በኩል ተግባራቱ በተርታ ተጽፈዋል፤ በራስጌው ከ1 እስከ 36 ወራቱ ተደርድረዋል፤ ከ1ኛው እስከ 3ኛው ወር መጠይቅ ይዘጋጃል፤ ከ4ኛው እስከ 12ኛው መረጃ ይሰበሰባል፤ በ18ኛው ወር መላምቱ ይረጋገጣል፤ በ30ኛው ወር ለባለድርሻ አካላት ዎርክሾፕ ይደረጋል፤ በ36ኛው ወር ፖሊሲ አውጪዎች በውጤቱ ይጠቀማሉ። ክረምት የለበትም፤ የታመመ ረዳት የለበትም፤ ጉምሩክ ላይ የቆመ ኬሚካል የለበትም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ «መላምቱ ውድቅ ይሆናል» የሚል ወር ከሠላሳ ስድስቱ መካከል አንድም የለበትም። ጠቢቡ ሰሎሞን የአራዊትንና የአዕዋፍን ቋንቋ ይሰማ ነበር ይባላል እንጂ፣ ምን ብለው እንደሚመልሱለት አስቀድሞ ጽፎ በጀት አስፈቀደ ሲባል አልሰማንም።

ነገሩ ለአላዋቂ ተአምር ይመስላል፤ ውስጡን ለሚያውቅ ግን የታወቁ ሁለት መንገዶች አሉት። ፊተኛው መንገድ ቀድሞ ሠርቶ መገኘት ነው። በአሜሪካ የብሔራዊ ጤና ኢንስቲትዩቶች ዘንድ ዋናውን የምርምር ድጋፍ የሚለምን ሊቅ ማመልከቻውን ሲያስገባ የቅድሚያ ውጤት እንዲያሳይ ይጠበቅበታል፤ ይኸውም ገንዘቡ የሚጠየቅበት ሥራ እንደሚሳካ የሚያስረዳ፣ ገንዘቡ ሳይኖር የተሠራ ሥራ ማለት ነው። ማስረጃው በበዛ መጠን ገምጋሚዎቹ ይደሰታሉ፤ ብልኅ አመልካችም ደስታቸውን ፍጹም ለማድረግ ሲል ሥራውን እስከ እኩሌታው፣ ቢቻለውም እስከ መጨረሻው ከሠራ በኋላ «ይህን ልሠራ አስቤአለሁና ርዱኝ» ብሎ ይጽፋል፤ በተቀበለው ገንዘብ የሚቀጥለውን ሥራ ይሠራል፤ ያንንም ሲጨርስ ሊጀምረው እንዳሰበ አድርጎ ያመለክታል። ይህ በቤተ ሙከራ ሰዎች ዘንድ የምሳ ሰዓት ጨዋታ እንጂ ምሥጢር አይደለም። የተናገረው ሁሉ የሚፈጸምለት ነቢይ የሚናገረው ስለ ትናንት ስለሆነ፣ ከትንቢቱ አንዲት ነጥብ መሬት ጠብ ብትል ነበር የሚያስደንቀው።

ይህን ሥርዓት ሳያውቅ ገና ስላልተሠራ ነገር የሚያመለክት የዋህ ሰው ምን እንደሚያገኘው ለማየት የካታሊን ካሪኮን ታሪክ ማንሣት ይበቃል። ይህች የሃንጋሪ ተወላጅ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሳለች ስለ መልእክተኛው አር.ኤን.ኤ. ያቀረበቻቸው የገንዘብ ማመልከቻዎች እየተደጋገሙ ውድቅ ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1995ም ከያዘችው የአካዳሚ ማዕርግ ዝቅ ተደረገች። ከባልደረባዋ ከድሩ ዋይስማን ጋር ያወጣችው ዕውቀት ለኮቪድ ክትባቶች መሠረት ሆኖ በ2023 የሕክምናን የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል፤ ነገር ግን ይህ ጥፋቷን አያስተሠርይላትም፤ ሰው ያላመነበትን ነገር ይሆናል ብላ ጽፋለችና፣ በመክሊቱ ምሳሌ «ላለው ይሰጠዋል» የተባለውን አላስተዋለችም ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ግን እኛን ኢትዮጵያውያንን የሚያኮራን ነው፤ እርሱም አንድምታ ነው። የመጻሕፍት መምህራን አንዱን ኃይለ ቃል «አንድም» እያሉ ሲያመሠጥሩት ከእርሱ ብዙ ፍቺ እንደሚያወጡ ሁሉ፣ የሪፖርት ጸሐፊም ከጸደቀው ርእስ ያልጸደቀ ሥራ ማውጣት ይችላል። ነገሩን በዓይነ ሕሊናችን እንየው። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሆኗል፤ ሪፖርቱ ነገ ጠዋት ይገባል፤ ዋናው ተመራማሪ ከፊቱ የጸደቀውን ፕሮፖዛል፣ ከጎኑ ያልተወራረደ የደረሰኝ ክምር አድርጎ ተቀምጧል። ፕሮፖዛሉ በአንድ ሐይቅ ዳርቻ ባሉ ቀበሌዎች የወባ ትንኝ ይጠናል ይላል፤ ነገር ግን የትንኝ ማጥመጃው ግዢ እስኪፈቀድ የትንኙ ወራት አለፈ፤ ረዳቶቹም አበል እየበሉ ሥራ ፈትተው ከሚውሉ ብለው በአካባቢው ከብት ላይ መዥገር ሲቆጥሩ ከረሙ። መዥገሩም የዋዛ አልነበረም፤ እስከ ዛሬ ማንም ያልጻፈው ጠባይ ታይቶበታል። ሰውየው ይህን እንደ መርዶ ተቀበለው። ብዙ ካሰላሰለ በኋላ ብዕሩን አነሣና «ወባ ማለት አንድም ትንኟ ናት፤ አንድም ትንኟን የሚያራባው ውሃ ነው፤ አንድም ከውሃው የሚጠጣው ከብት ነው፤ አንድም በከብቱ ላይ ተጣብቆ ደም የሚመጠው ነው» ሲል ተረጐመ፤ በማግሥቱም መዥገሩ «ደም መጣጭ ተሕዋስያን» በሚል የማዕርግ ስም በ18ኛው ወር ረድፍ ውስጥ ተሰይሞ ተገኘ። ፋይናንስ ክፍሉ ተቀበለው፤ ሂሳቡ ተወራረደ፤ ያ ማንም ያልጻፈው ጠባይ ግን የበጀት መደብ ስላልነበረው ከማስታወሻ ደብተር ሳይወጣ ቀረ።

የዚህ ትርጓሜ ከፍተኛው ማዕርግ ደግሞ በታተመው ጽሑፍ መጨረሻ፣ በምስጋናው አንቀጽ ይታያል። አንዱ ጽሑፍ ሦስት ርዳታ ሰጪዎችን በየውላቸው ቍጥር እየጠራ ያመሰግናል፤ አንደኛው የከፈለው ስለ ወተት ምርት ነበር፤ ሁለተኛው ስለ አየር ንብረት ለውጥ፤ ሦስተኛው ስለ ሥርዓተ ፆታ። ለሦስት ደብር ስእለት የተሳለ ሰው አንዱን ጃንጥላ በየንግሡ እያዞረ ለሦስቱም ቢያስገባ አለቆቹ በአውደ ምሕረት ያሳፍሩት ነበር፤ ርዳታ ሰጪዎቹ ግን እያንዳንዳቸው በጃንጥላው ሥር ፎቶግራፍ ተነሥተው በዓመታዊ መጽሔታቸው ሽፋን ላይ አውጥተውታል።

ይህ ሁሉ በአጋጣሚ የበቀለ እንዳይመስል፣ የሥርዓቱን አባት ማስታወስ ይገባል። የኑክሌር ሰንሰለታዊ አጸግብሮት ሐሳብ ከሁሉ አስቀድሞ የታየው የፊዚክስ ሊቅ ሊዮ ሲላርድ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 በታተመው የልብ ወለድ መድበሉ ውስጥ ማርክ ጌብል ፋውንዴሽን ስለሚባል ድርጅት ጽፏል። አንድ ባለጸጋ የሳይንስ ግስጋሴ ከመጠን በላይ ፈጠነብኝ ብሎ የሚያዘገይበትን ዘዴ ይጠይቃል፤ የተሰጠውም ምክር ለሳይንስ ብዙ ገንዘብ የሚያድል ድርጅት አቋቁም የሚል ነው። ከሊቃውንቱ የበረቱት ከቤተ ሙከራ እየወጡ ማመልከቻ በሚመረምሩ ኮሚቴዎች ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ገንዘብ ፈላጊዎቹም ለኅትመት የሚበቃ ውጤት እንደሚሰጧቸው እርግጠኛ የሆኑባቸውን ጥያቄዎች ብቻ ይዘው ይመጣሉ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አዲስ ሐሳብ የሚባል ነገር ይነጥፋል። ሲላርድ ይህን ሲጽፍ የቀለደ መስሎት ነበር፤ አንባቢዎቹ ግን እንደ ማቋቋሚያ ደንብ ሳያጸድቁት አልቀሩም።

ርዳታ ሰጪዎቹም ለማያስተማምን ጥያቄ ገንዘብ መስጠትን የሚፈሩት በከንቱ አይደለም። የዊስኮንሲኑ የአሜሪካ ሴናተር ዊልያም ፕሮክስማየር እ.ኤ.አ. በ1975 የሕዝብ ገንዘብ አባካኞችን የሚያዋርድበት «የወርቅ ፀጉር» የተባለ ሽልማት አቋቁሞ፣ የመጀመሪያውን ሰዎች ስለ ምን ይፋቀራሉ ለሚል ጥናት 84,000 ዶላር በሰጠው በብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ራስ ላይ ደፋው። ከዚያ ወዲህ ሊቃውንት ሁሉ ፍቅርን በስሙ መጥራት ኃጢአት መሆኑን ተረድተዋል። በእኛም አገር ገና ጀማሪው መምህር ሳይቀር ስለ ዝንጀሮ ለማጥናት ሲነሣ ዝንጀሮን ከመጥቀሱ በፊት አቅም ግንባታን፣ ዘላቂነትን፣ ተጠቃሚነትንና መልካም አስተዳደርን ጠቅሶ መሳለም እንደሚገባው ያውቃል፤ ዝንጀሮው ከአራተኛው ገጽ በኋላ፣ ያውም ከባለድርሻ አካላት አንዱ ሆኖ ይገባል።

በዚህ ሚዛን ሲመዘን ከአገራችን ሊቃውንት ሁሉ ጥፋቱ ከብዶ የሚገኘው አክሊሉ ለማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ወደ ዓድዋ የወረደው ቢልሃርዚያንና በሽታውን የሚያስተላልፉትን የወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሊያጠና ነበር። ከወንዙ ዳር ሴቶች እንደ እናቶቻቸውና እንደ ቅድመ አያቶቻቸው ልብሳቸውን በእንዶድ ያጥባሉ፤ አረፋው ከወራጁ ጋር ቁልቁል ይሄዳል፤ ከማጠቢያው ዝቅ ብሎ ደግሞ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው ይታያሉ። ሥራውን የሚያከብር ተመራማሪ ቢሆን ኖሮ፣ ልብስ አጣቢዎችን የሚመለከት ተግባር በሠንጠረዡ አለመኖሩን አስታውሶ ፊቱን በመለሰ ነበር። እርሱ ግን አንዲቱን ሴት የእንዶዱን አረፋ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ወዳሉበት ዕቃ ትጨምርለት ዘንድ ለመናት፤ ጨመረችለት፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። በዚያ ወንዝ ዳር የዛሬው ገምጋሚ ኮሚቴ ቢኖር ቃለ ጉባኤው እንዲህ ይል ነበር፦ «ተመራማሪው ከተፈቀደለት ዓላማ ወጥቷል፤ ለአረፋ የተያዘ በጀት የለም፤ ልብስ አጣቢዋ በባለድርሻ አካላት ስብሰባ ላይ አልተጠራችም፤ ግኝቱ በመላምቱ ያልተጠበቀ በመሆኑ ለሁለተኛው ዙር ክፍያ አይመከርም።» ከዚያች የእንዶድ አረፋ የተነሣው ሥራ አክሊሉንና ባልደረባውን ለገሠ ወልደ ዮሐንስን በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ ለተባለው ዓለም አቀፍ ሽልማት አብቅቷቸዋል፤ በመካከሉ ያሉት 25 ዓመታት ግን፣ የአበሻ ልብስ አጣቢና የአበሻ ሊቅ ያዩትን ነገር ሌላው ዓለም እንዲያምን ሲለፋ ያለፉ ናቸው።

አንባቢ ሆይ፣ እንግዲያው ሊቃውንት ሁልጊዜ የቃላቸው እስረኞች ናቸው ብለህ እንዳታዝንላቸው፤ ነፃነት የተፈቀደላቸው አንድ ሥፍራ አለና፤ እርሱም የመድኃኒት ሙከራ ነው። በዚያ የሚሰጠው ቃል ከሌላው ይለያል፤ «ይህን አገኛለሁ» የሚል ሳይሆን «ይህን እለካለሁ» የሚል ነው። የደም ግፊትን እለካለሁ ብሎ የተነሣ ሰው፣ ግፊቱ አልወርድ ቢለው ተመልሶ የበሽተኛውን እንቅልፍ ለክቶ መድኃኒቱ ፈዋሽ ነው ብሎ ቢያትም፣ ክኒኑን የሚውጠው ድኻ በማያውቀው ነገር ተታሏል። ስለዚህ በምርምር ዓለም ቃልን ሳያጓድሉ መጠበቅ ግድ የሚሆንበት ቦታ ቢኖር ይህ ነበር፤ ሊቃውንቱም ከቃል ኪዳን ፈታ ብለው የሚዝናኑት እዚሁ ነው። በኮፐንሃገንና በፍሬደሪክስበርግ የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች እ.ኤ.አ. በ1994 እና በ1995 የጸደቁ 102 ሙከራዎች ፕሮቶኮላቸው ከታተመው ጽሑፍ ጋር ተስተያይቶ ውጤቱ በ2004 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ሲወጣ፣ ከመቶው በ62ቱ ቢያንስ አንድ ዋና መለኪያ ተለውጦ፣ አዲስ ገብቶ ወይም ተሠውሮ ተገኘ። ከዚህ የሚብሰው መልሳቸው ነው፤ ተጠይቀው ከመለሱት 49 ተመራማሪዎች መካከል 42ቱ፣ ተቃራኒው ማስረጃ በጠያቂዎቻቸው እጅ ሳለ፣ ሳንዘግበው የቀረ መለኪያ የለንም ብለው ካዱ። ቅዱስ ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ክዶ ዶሮ ሲጮህ አለቀሰ፤ በዚህኛው ክህደት ግን ዶሮው በአጀንዳ አልተያዘም ነበር።

ዶሮው የተያዘበትንም ጉዳይ ላውሳ። የአሜሪካ ብሔራዊ የልብ፣ የሳንባና የደም ኢንስቲትዩት ገንዘብ ያወጣባቸው ታላላቅ የልብ ሕክምና ሙከራዎች እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ በአንድ ሲቆጠሩ፣ ከ2000 በፊት ከታተሙት 30 መካከል 17ቱ የምሥራች ይዘው የመጡ ሆኑ፤ የሚለኩትን አስቀድሞ በይፋ መዝገብ ማስፈር ልማድ ከሆነበት ከ2000 ወዲህ ከታተሙት 25 መካከል ግን የምሥራች የያዙት 2 ብቻ ተገኙ። የሰው ልብ በዚያ ዓመት ድንገት ለመድኃኒት እምቢ ማለት ካልጀመረ በቀር፣ ከዚህ የምንረዳው ተአምር መዝገብ እንደሚፈራ ነው።

እንግዲህ የሥርዓታችንን ጥበብ ልብ እንበል። ተመራማሪ የሚሰጠው ቃል ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ስለ ጥያቄውና ስለ መለኪያው ነው፤ ይህ በእጁ ያለ ነገር ስለሆነ ሊጠብቀው ይችላል፣ ይገባዋልም፤ ሁለተኛው ስለ መልሱ ነው፤ ይህ ግን በፍጥረት ባሕርይ ውስጥ የተሠወረ ስለሆነ ሊሰጠው አይችልም፣ ቢሰጠውም ሐሰት ይሆንበታል። እኛ ፊተኛውን ያፈረሰውን በዝምታ እናሳልፈዋለን፤ ሁለተኛውን እንዲፈጽም ግን በየሩብ ዓመቱ በቅጽ እናስገድደዋለን፤ መታሰር ያለበትን ፈትተን መፈታት ያለበትን አስረናል ማለት ነው። በዚህ የሂሳብ ሹሙን አልወቅስም፤ እርሱ የተማረው ደረሰኝን ከዕቅድ ጋር ማመሳከር ነው፤ ሙያውንም በታማኝነት ይፈጽማል። የምወቅሰው በግምገማው ወንበር የተቀመጠውን ሊቅ ነው፤ ሠንጠረዡ ልብ ወለድ መሆኑን ያውቃል፤ ያም ሆኖ በመቶኛ ያርመዋል፤ ከነገ ወዲያ የራሱን ልብ ወለድ ይዞ በዚያው በር ቆሞ ስለሚለምን፣ ምሕረትን ከወዲሁ ያበድራል።

መፍትሔ የፈለጉ አገሮች የሉም አይባልም። የኒውዚላንድ የጤና ምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ለደፋር ሐሳቦች የመደበውን ገንዘብ መስፈርቱን ላሟሉ አመልካቾች በዕጣ ማደል ጀምሯል፤ ሐዋርያት በይሁዳ ፈንታ ማትያስን የሾሙት በዕጣ መሆኑን የሚያስታውስ ሰው ይህን ሊነቅፍ አይችልም። በእኛ ዘንድ ግን ተቀባይነት ማግኘቱን እጠራጠራለሁ፤ ዕጣ ማውጣት የሩብ ሰዓት ሥራ ሲሆን፣ ግምገማ በሐይቅ ዳር ሆቴል ሦስት ቀን ይፈጃል፤ አበሉ የሚታሰበውም በቀን ነው።

ስለዚህ እኔም በበኩሌ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። የመጀመሪያው ለመንግሥት ካዝና የሚበጅ ነው፤ የማጠቃለያው ሪፖርት ቃል ከፕሮፖዛሉ የታወቀ ከሆነ፣ በመካከል ያለው ምርምር ቀርቶ ግሡ ብቻ ከትንቢት ወደ ኃላፊ ይለወጥ፤ በዚህም የመኪናው ናፍጣ፣ የትንኙ ማጥመጃና የገበሬው ጊዜ ይተርፋል። ሁለተኛው፣ በመድኃኒት ሙከራ ፕሮቶኮሉ ከታተመው ጽሑፍ ጋር በአንድ ጥራዝ አብሮ ይውጣ፤ ይህ ከጥቂት ወረቀት በቀር ወጪ የለውም፤ የሚቃወመው የሚበዛውም ስለዚሁ ነው። ሦስተኛው፣ በማጠቃለያው ሪፖርት ቅጽ ላይ «ካሰብከው ውጪ ምን አገኘህ?» የሚል አንድ ጥያቄ ይጨመር፤ መዥገር የቆጠረም መዥገሩን በስሙ ይጥራበት። ይህኛው እንደሚጸድቅ አልጠራጠርም፤ ጸድቆም ነጥብ ይሰጠዋል፤ ነጥብ በተሰጠው በዓመቱም በየፕሮፖዛሉ ሠንጠረዥ አዲስ ረድፍ ገብቶ እናያለን፦ «ያልታሰበ ግኝት፤ ከ22ኛው እስከ 24ኛው ወር፤ ኃላፊ፦ ዋናው ተመራማሪ፤ የሚያስፈልግ አበል፦ ለአራት ሰው።»